ኮዱ ሲታደስ ማብራሪያውም ይታደስ

ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች መምህራንና ተማሪዎች፣
እንዲሁም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የሶፍትዌር ላይብረሪ ጽፈው ለሕዝብ ላበረከቱ ኢትዮጵያውያን ሁሉ



ከሮቤ ከተማ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ በውስጡ የሚሆነውን እየተናገረ ስሕተትን ለማግኘት የሚረዳውን መሣሪያ፣ ማለት ሎግ የሚጽፈውን፣ የዳታን ይዘት ገልጦ የሚያሳየውን፣ ኤረር ሲፈጠርም መነሻውን የሚጠቁመውን ክፍል በላይብረሪያችሁ ውስጥ ስታኖሩ፣ የመሣሪያውን ማብራሪያ ከኮዱ ሳትለዩ እንድትጠብቁት፣ ኮዱም በተለወጠበት ቀን ማብራሪያው አብሮ እንዲለወጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ከሥራው ፍጻሜ በኋላ ጊዜ ሲተርፍ የሚከናወን ነገር አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን በዚህ ደጋ ከኮምፒውተር ጋር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ፣ ሲሟላ ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚረዳ፣ ሲጎድልም ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚያንከራትት የላይብረሪ ክፍል አላየሁም።

የሌላው ክፍል ማብራሪያ የሚነበበው ሰው በሰላም ሊሠራ ሲቀመጥ ነው፤ የስሕተት መፈለጊያው ማብራሪያ የሚነበበው ግን ሥራው ከቆመ በኋላ፣ ባለጉዳይ በደጅ ተሰልፎ፣ አለቃም በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያለ «ምን ደረሰ?» በሚልበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ በአንባቢው እጅ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ በስክሪኑ ላይ የታየው መስመር፣ ሁለተኛው የመስመሩን ፍች የሚነግረው ማብራሪያ። ማብራሪያ ጨርሶ ከሌለ አንባቢው አለማወቁን ያውቃልና ይጠነቀቃል፣ ኮዱንም ከፍቶ ለማንበብ ይሞክራል፤ ማብራሪያው ኖሮ ዘመን ያለፈበት ከሆነ ግን አምኖ ስለሚከተለው በልበ ሙሉነት ወደ ተሳሳተው መንገድ ይገባል።

የባሌ ደጋን ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ርቀት አገናኘው እለዋለሁ። ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል፣ በሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በዲንሾም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በሳነቴ አምባም፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ግርጌ፣ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ የቀይ ቀበሮን ኑሮ የሚከታተል የጥበቃ ፕሮግራም ይሠራል። የሕመምተኛው ካርድ፣ የስንዴውና የገብሱ ዝርያ የሰጠው ምርት፣ የዝናቡ ልክ፣ የቀበሮው መንጋ ብዛት፣ ይህ ሁሉ በመዝገብ የሚኖር ነገር ነውና መዝገቡን የሚይዘው ሶፍትዌር ሲታመም ሥራው ሁሉ ይታመማል። ሶፍትዌሩ ግን የሚጻፈው ከሩቅ ነው። የጤና ሚኒስቴር በአገሪቱ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ምንም እንኳ የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር የሚያውቅ ቢሆን፣ የሚዘጋጀው በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነና ማብራሪያው በሰፊው ስለ ተጻፈ ነው በብዙ አገር ያሉ ባለሙያዎች የሚገለገሉበት። እንግዲህ ከእናንተ ዘንድ ተመርቆ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሆኖ የተቀመጠው ወጣት፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥር፣ ኔትወርክም እንደ ደጋው ጉም ታይቶ በሚሰወርበት ቀን፣ የላይብረሪውን ደራሲ በምን አግኝቶ ይጠይቀዋል? የደራሲው ድምፅ ሆኖ ከእርሱ ጋር የሚቀመጠው ማብራሪያው ብቻ ነው።

ነገሩ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ አንድ ጉዳይ ልናገር። በዚሁ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ፕሮግራም አንዳንድ ረድፍ እየጣለ ስላስቸገረ ተጠርቼ ሄድሁ። ፕሮግራሙ ቀን ለመለወጥ የሚገለገልበት ላይብረሪ የስሕተት መፈለጊያው ሲከፈትለት አንድ መስመር ደጋግሞ ይጽፋል፤ በመስመሩ መጀመሪያ 2015-01-03 የሚል ቀን ይታያል፣ ከቀኑም ቀጥሎ ረድፉ መዘለሉን ይናገራል። የላይብረሪው ማብራሪያ በዚህ መሣሪያ የሚታተም ቀን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን በግልጽ ስለሚናገር፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር መልሰው ታኅሣሥ 25 ቀን 2007 ዓ.ም. መሆኑን አገኙ፤ የዚያን ዘመን መዝገብም ከመጋዘን አስወጥተው ገጽ በገጽ ሲመረምሩ ሰነበቱ። በመዝገቡ አንድም ጉድለት አልተገኘበትም።

በመጨረሻ የኮዱን የለውጥ ታሪክ ስንከፍት ደራሲው ከብዙ ጊዜ በፊት መሣሪያው ቀንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዲያትም አድርጎ እንደ ለወጠው ታየ። ለውጡ መልካም ነበር፤ በለውጡ መዝገብ ላይም በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ተጠቅሷል፤ የማብራሪያው ገጽ ግን እንደ ጥንቱ ቀርቷል። ስለዚህ መስመሩ የሚናገረው መስከረም 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ ረድፍ ነበር፤ ሰዎቹ ሲፈልጉት ከሰነበቱት ቀን ከሰባት ዓመት በላይ ይርቃል። ትክክለኛው ረድፍ ከተገኘ በኋላ ምክንያቱን ለማወቅ አልዘገየንም፤ የረድፉ የመዝጊያ ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተብሎ ተጽፏል፣ ተቀባዩ ፕሮግራም ደግሞ ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ስለ ነበር፣ ዘመነ ሉቃስ በስድስት ጳጉሜን መፈጸሙን ሳያውቅ ቀኑን እንደ ሐሰት ቈጥሮ ጥሎታል። የጳጉሜኑ ስሕተት መድኃኒት ጥቂት የኮድ መስመር ነው፤ ያን ሁሉ ድካም ያመጣው ግን በማብራሪያው ላይ ሳትታረም የቀረችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት።

በአገራችን የሚሠራ ላይብረሪ የሰዓትንም ነገር እንዲሁ በጥንቃቄ ሊናገር ይገባዋል። ብዙ ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነውና በመስመሩ ላይ 05:00 ተብሎ ሲታይ በአገሩ የኮምፒውተር ሰዓት 08:00 ይሆናል፤ ሮቤ ገበያ ላይ ያለ ሰው ቢጠየቅ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ይላል። ሦስቱም እውነት ነው። የትኛው እንደ ታተመ የሚያስታውቅ ቃል በማብራሪያው ላይ ከሌለ ግን፣ «ስሕተቱ በስንት ሰዓት ላይ ደረሰ?» ለሚለው ለተራው ጥያቄ ሦስት ሰዎች ሦስት መልስ ይሰጣሉ፤ የሌሊት ተረኛው ሰው የጠዋቱን ጥፋት ሊጠየቅበት ይችላል።

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልናገርበት እወዳለሁ። ከእ.ኤ.አ. 1999 በፊት፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሳይገባ፣ እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት መጻፊያዎች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ስለሚያስቀምጡ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል የሚወክል ሥርዓት፣ ሴራ የተባለውን፣ አዘጋጁ፤ ሊብኤት የተባለ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪም ወጣ፤ ዳንኤል ያዕቆብ በኋላ በፐርል ቋንቋ ለኢትዮጵያ ቀን፣ ለግዕዝ ቍጥርና ለፊደሉ ሥርዓት የሚያገለግሉ ላይብረሪዎችን ጨምሯል። ማይክል ጋሰር የተባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሊቅም ሆርንሞርፎ የተባለውን፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃል ወደ ሥሩና ወደ ቅጥያው የሚከፍለውን ፕሮግራም ሲያወጣ የተጠቃሚ መምሪያ ጽፎ አብሮ አውጥቶለታል። እነዚህን ሰዎች በስም የማነሣው፣ ገንዘብና ረዳት በብዛት ሳይኖራቸው ለቋንቋችን የደከሙ ስለ ሆኑ፣ የደከሙበትም ሥራ ለሌላው ሰው የሚጠቅመው ከማብራሪያው ጋር ሲገኝ ስለ ሆነ ነው።

ፊደሉ ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም የስሕተት መፈለጊያው ነገር አላበቃም። «ሮቤ» የሚለው ስም ለአንባቢ ሁለት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ ስሙ ስድስት ባይት ይሆናል፤ የዳታውን ይዘት ገልጦ በቍጥር የሚያሳይ መሣሪያም 225 136 174 225 137 164 ብሎ ያወጣዋል። ይህን የቍጥር ሰልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ዳታው የተበላሸ ይመስለዋል። ርዝመቱን የሚያትመው መሣሪያ 6 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ፣ የሚቈጥረው ባይት እንጂ ፊደል አለመሆኑን ማብራሪያው ካልነገረው፣ ስሙ ላይ የማይታይ ነገር ተጨምሮበታል ብሎ ያን ሲፈልግ ይውላል። ደራሲው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አስቦ ሲጽፍ ባይትና ፊደል እኩል ስለሚሆንለት ይህን ልዩነት መጥቀስ አይታሰበውም፤ ስለዚህ ይህን ዐረፍተ ነገር በማብራሪያው ላይ የመጨመር ዕዳ በእኛ በፊደሉ ባለቤቶች ላይ ይወድቃል።

የአገራችን ሊቃውንት ንባብንና ትርጓሜን አንዱን ከሌላው ለይተው አላኖሩም። ንባቡን በቃሉ የያዘው ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜ ቤት ገብቶ «አንድም» እያለ የቃሉን ፍች ከነምስጢሩ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ የትርጓሜውም ባለቤት ንባቡን ሳያነሣ ሐተታውን አይጀምርም፤ ሐተታው ምን ጊዜም ከፊቱ ያለውን ቃል ይከተላል። በእስልምናው ወገንም፣ ይልቁንም እንደ ባሌ ባለ የብዙ ሼኾች አገር፣ በኪታቡ ኅዳግ ላይ የሚጻፈው ማብራሪያ ከዋናው ጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ይኖራል። ተማሪዎቻችሁ ይህን ሥርዓት ከየቤታቸው ይዘውት የመጡ ናቸውና ኮድንና ማብራሪያን በአንድ ፋይል፣ በአንድ ለውጥ፣ በአንድ ቀን የማኖርን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር አያዩትም ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ዓለም የደረሰውንም ማየት ይጠቅማል። ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሴንድሜል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ብሎ ያዘጋጀው ሲስሎግ፣ መልእክትን ሁሉ ከ0 እስከ 7 ባለ ደረጃ ይከፍላል፤ 0 እጅግ አስጨናቂው ነው፣ 7 ለስሕተት መፈለጊያ ብቻ የሚጻፈው ነው። መሣሪያው በፍጥነት በዓለም ተሰራጨ፤ ነገር ግን አሠራሩን በአንድነት የሚገልጽ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 3164 የተባለው፣ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱም ቢሆን ሰዎች በልማድ ሲያደርጉት የነበረውን ከማተት አላለፈም። የተስተካከለ ደንብ የተጻፈለት በ2009 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 5424 ነው። በዚያ መካከል እያንዳንዱ አምራች መልእክቱንና ቀኑን በየራሱ መልክ ሲጽፍ ስለ ኖረ፣ የልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ሎግ በአንድነት የሚያነብ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ይደክማል።

ከዚህም የሚከፋ ደርሷል። ሎግ ፎር ጄ የተባለው፣ በጃቫ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች ሎግ የሚያትመው ላይብረሪ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያትመው ጽሑፍ ውስጥ ልዩ ምልክት ሲያገኝ ከሌላ ሰርቨር ነገር ፈልጎ የማምጣት ችሎታ ነበረው። ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ላይብረሪው የሰጡትን ጽሑፍ ከመጻፍ በቀር ሌላ ነገር ያደርጋል ብለው አላሰቡም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ግን በዚህ ቀዳዳ ማንም ሰው በሩቅ ሆኖ በሌላው ሰርቨር ላይ የራሱን ኮድ ማስኬድ እንደሚችል ታወቀ፤ የዓለም ባለሙያዎችም ሌት ተቀን የሚያርሙት ነገር ሆነ። ጥፋቱ የኮድ ጥፋት መሆኑ አያጠራጥርም። ያም ሆኖ የስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ የተሰጠውን ጽሑፍ ምን እንደሚያደርገው ከማብራሪያው በመጀመሪያው ገጽ ላይ በጕልህ ቢጻፍ ኖሮ፣ ስንቱ ጠንቃቃ ሰው ያን ችሎታ አስቀድሞ በዘጋው ነበር!

ይህን ነገር ወደ እኛ አቅርቤ ልናገረው። የስሕተት መፈለጊያ ሲከፈት አንዳንዱ መሣሪያ የረድፉን ይዘት እንዳለ ዘርግፎ ወደ ፋይል ይጽፋል፤ ረድፉ የሕመምተኛ ካርድ ከሆነ ስሙ፣ ስልኩ፣ የደዌውም ዓይነት ከሎጉ ይገባል፤ ያ ፋይል ደግሞ እርዳታ ለመጠየቅ በቴሌግራም ይላካል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ የላይብረሪ ደራሲ መሣሪያው የትኛውን የመረጃ ክፍል እንደሚያትም፣ የትኛውንም እንደሚሸፍን በማብራሪያው ላይ ሳይጽፍ ቢቀር፣ ሕጉን ሊጠብቅ የሚወደውን የሆስፒታል ሠራተኛ ሳያውቀው ወደ መተላለፍ ይመራዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፓይተን የተባለው ቋንቋ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ2.1 እትሙ አንሥቶ፣ ቲም ፒተርስ የጻፈው ዶክቴስት የተባለ መሣሪያ አለው፤ በማብራሪያው ውስጥ በምሳሌነት የተጻፈውን ትእዛዝ እውነት አድርጎ ያስኬደዋል፣ የወጣውንም ውጤት በማብራሪያው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ይጮኻል። ከላይ የነገርኋችሁ የቀን ላይብረሪ በማብራሪያው ላይ አንድ እንዲህ ያለ ምሳሌ ኖሮት ቢሆን፣ ደራሲው አቈጣጠሩን በለወጠበት በዚያው ሰዓት ማብራሪያው ሐሰት መሆኑን ማሽኑ ራሱ በነገረው ነበር። በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የሜሞሪ አድራሻ ወይም የዛሬው ሰዓት፣ በውጤቱ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ በስፍራው ሦስት ነጥብ አኑሮ የቀረው ብቻ እንዲመሳከር ማድረግ ይቻላል። በዚሁ ቋንቋ ያለው የሎግ ክፍል ከ10 እስከ 50 በአምስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ካልተነገረው በቀር ከ30 በታች ያለውን አያትምም፤ ጀማሪው ተማሪ የስሕተት መፈለጊያ (ዲበግ) መልእክት ጽፎ በስክሪኑ ላይ ምንም ሲያጣ ኮዱ ያልሠራ ይመስለዋል። እናንተም የራሳችሁን ላይብረሪ ስታወጡ፣ መሣሪያው ሳይነካ የትኛውን ደረጃ እንደሚያሳይ፣ እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚዘጋ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፉ። ሌላው ይቈይ።

መምህራን ሆይ፤ በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚማረው ወጣት በዝቷል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ተማሪ የሚተጋው ማርክ ለሚያሰጠው ነገር ነውና፣ በመመረቂያ ፕሮጀክቱ ላይ ፕሮግራሙ የሚያወጣው የኤረርና የዲበግ መልእክት ሁሉ ፍች ተጽፎ እንዲቀርብ፣ ይህም እንደ ኮዱ እንዲመዘን እለምናችኋለሁ። ማብራሪያው ልክ መሆኑን ለመመርመር ከሌላ ክፍል አንድ ተማሪ ጠርታችሁ፣ ኮዱን ሳያይ፣ ደራሲውንም ሳይጠይቅ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ፕሮግራም በማብራሪያው ብቻ እንዲያቃና አድርጉት፤ በጎባ ወይም በጊኒር ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚደክመውን ሰው ኑሮ የሚመስል ፈተና ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የሌላውን ሰው ላይብረሪ ማብራሪያ ያረመ ተማሪም አዲስ ኮድ እንደ ጻፈ ይቈጠርለት፤ አንድ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ፈልጎ ለማቅናት ኮዱን እስከ ሥሩ ማንበብ ግድ ነውና ብዙ የሚማርበት ሥራ ነው።

ቋንቋውንም አስቡበት። ዋናው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ቢሆን ለዓለም ይጠቅማል፤ የመልእክቶቹ አጭር ፍች ግን በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ አብሮት ቢኖር፣ በዚህ ደጋ ያለው የመረጃ ሠራተኛ ባለሙያ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ብዙውን ነገር ራሱ ያቃናዋል። የተሟላው ማብራሪያም ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ የሚነበብ ሆኖ ከላይብረሪው ጋር አብሮ ይጫን፤ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይም ቅጂው ከነእትም ቍጥሩ ይቀመጥ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ፕሮግራም አሮጌ እትም ሊሆን ይችላልና የአሮጌው እትም ማብራሪያ አይጥፋ።

በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ከቀን መለወጫና ከፊደል ማሳያ ላይብረሪዎች ብትጀምሩ መልካም ይመስለኛል፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘወትር የሚያስቸግሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በሮቤና በጎባ ያለን የሙያው ሰዎች ያየናቸውን የኤረር መስመሮች፣ የሰው ስምና ምስጢር አውጥተን፣ ለተማሪዎቻችሁ መለማመጃ እንዲሆኑ ልናቀርብላችሁ እንችላለን፤ ቀኑን ወስናችሁ በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሮቤ ከተማ ነዋሪ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ